የፊንላንድ መስቀልና የኢትዮጵያ ኮከብ በአንድ ፍሬም፦ ከአንድ የኒሻን ጨረታ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

ስዊድን ውስጥ አንድ ጨረታ ቤት ያቀረበው ሎት (በአንድነት የሚሸጥ የዕቃ ስብስብ) ነው። በአንድ የመስታወት ፍሬም ውስጥ ሦስት ነገር ተሰክቷል፦ የፊንላንድ የነጻነት መስቀል 4ኛ ደረጃ ከነሰይፉ፣ የክረምት ጦርነት (የ1939–40 የፊንላንድና የሶቪየት ኅብረት ጦርነት) መታሰቢያ ሜዳይ እና የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን። ከፍሬሙ ጀርባ አንድ አሮጌ ፖስታ ተለጥፏል። በውስጡ የመስቀሉ የምስክር ወረቀትና ጥቂት ፎቶግራፎች አሉ።

ካታሎጉ ባለቤቱን ስዊድናዊ መኮንን ይለዋል። በ1935 በኢትዮጵያ፣ በ1940 ደግሞ በፊንላንድ በፈቃደኝነት አገልግሏል ይላል። ምንጩ የቤተሰብ ቃል ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊገዛው የፈለገው ሰው ስቶክሆልም አካባቢ የሚኖር የሀገራችን ልጅ ነው። እዚህ ላይ «ሰብሳቢው» እለዋለሁ። እኔ ማህተሞቹን በማንበብና ወረቀቶቹን በማገናዘብ አግዤዋለሁ። ጉዳዩን የምጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው። የባለኒሻኑን፣ የቤተሰቡንም ሆነ የጨረታ ቤቱን ስም አላነሳም።

የዚህ ሎት ትምህርት እውነተኛ ዕቃ የተሳሳተ ታሪክ ሊሸከም መቻሉ ነው። ብዙ ሰው «ፎርጅድ ነው ወይስ ኦሪጅናል?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። እዚህ ፍሬም ውስጥ ፎርጅድ የሚባል ነገር አልነበረም። ቢሆንም ካታሎጉ የነገረን ታሪክ ልክ አልነበረም።

ስለ ፊንላንድ ኒሻኖች ማወቅ የሚያስፈልገው

ፊንላንድ ሦስት ይፋዊ የኒሻን ማኅበሮች አሏት። የነጻነት መስቀል በ1918፣ የነጭ ጽጌረዳ በ1919፣ የፊንላንድ አንበሳ ደግሞ በ1942 ተመሠረቱ። ለወታደራዊ ሰብሳቢ ዋናው የመጀመሪያው ነው። የነጻነት መስቀል በእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል፣ በመጋቢት 4 ቀን 1918፣ የነጮቹ (የቀዮቹ ተቃራኒ ወገን) ጦር አዛዥ በነበረው በጄኔራል ማነርሃይም አሳቢነት ተቋቋመ። ንድፉን የሠራው ታዋቂው ሠዓሊ አክሴሊ ጋለን-ካሌላ ነው።

ሶቪየት ኅብረት በኅዳር 30 ቀን 1939 ፊንላንድን ስትወር ኒሻኑ እንደገና ታወጀ። በ1941 ጦርነቱ ሲያገረሽም ቀጠለ። በ1944 ቋሚ ማኅበር ሆነ። መስቀሉ ላይ የሚጻፈው ዓመት 1918፣ 1939 ወይም 1941 ሊሆን ይችላል። ዓመቱ የሚያመለክተው መስቀሉ ለየትኛው ጦርነት እንደተሰጠ ነው። መቼ እንደተሠራ አይናገርም። ይህ ልዩነት በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቅ ነገር ሆኖ ተገኝቷል።

ደረጃው ከማዕረግ ጋር ይሄዳል። 4ኛ ደረጃ ከነሰይፉ ባብዛኛው የታናናሽ መኮንኖች ነው። ተራ ወታደርና የበታች ሹም የነጻነት ሜዳይ ይሰጠዋል። ለሞተ ወታደር የቅርብ ቤተሰብም መስቀሉ በጥቁር ሪባን ይሰጥ ነበር። ማነርሃይም በግንቦት 10 ቀን 1942፣ በእናቶች ቀን፣ ለፊንላንድ እናቶች በሙሉ የነጻነት መስቀል ሰጥቷል። የዚያ ቀን ትዕዛዝ እስከ ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። አንድ ኒሻን ከጀግና ደረት እስከ ሐዘንተኛ ቤት የሄደበት አገር ብዙ የለም። ለዚህ ነው እነዚህን መስቀሎች እንደ ብረት ብቻ ማየት የሚከብደኝ።

ከሁሉም ብርቅ የሆነው የማነርሃይም መስቀል ነው። የተቋቋመው በታኅሣሥ 1940 ሲሆን ያገኙት 191 ሰዎች ብቻ ናቸው። 1ኛ ደረጃውን የተቀበሉት ሁለት ናቸው፤ ማነርሃይም ራሱና ጄኔራል ኤሪክ ሃይንሪክስ። አራት ሰዎች ሁለት ጊዜ ተሸልመዋል። ከመስቀሉ ጋር 50,000 የፊንላንድ ማርክ ይሰጥ ነበር። ጀማሪ ሰብሳቢ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ቅጂም የሚበዛው እዚሁ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የነጻነት መስቀል ክንዶች ላይ ስዋስቲካ አለ። ምልክቱ በፊንላንድ ጦር ውስጥ የገባው በ1918 ነው። ያኔ የስዊድኑ ባላባት ኤሪክ ፎን ሮዘን ለነጮቹ ጦር አንድ አውሮፕላን ሰጠ። አውሮፕላኑ በመጋቢት 6 ቀን 1918 ቫሳ ከተማ ሲደርስ የባላባቱን የዕድል ምልክት፣ ሰማያዊ ስዋስቲካ፣ በክንፉ ላይ ይዞ ነበር። የናዚ ፓርቲ ምልክቱን የወሰደው በ1920 ነው። ስለዚህ መስቀሉ የናዚ ዕቃ አይደለም። ይሁንና ታሪኩ ንጹህ ነው ብሎ መዝጋትም አይገባም። ባላባቱ ራሱ በኋላ ወደ ስዊድን ናዚዎች አዘንብሏል፤ ከናዚው ባለሥልጣን ከሄርማን ጎሪንግም ጋር በጋብቻ ተዛምዷል። ፊንላንድ በ1963 ከነጭ ጽጌረዳ ኒሻን የአንገት ሰንሰለት ላይ ስዋስቲካውን አንስታ በጥድ ቅርንጫፍ መስቀል ተክታዋለች።

ኢትዮጵያ እዚህ ውስጥ ምን አገባት?

ሰብሳቢው የፊንላንድ ኒሻን መሰብሰብ የጀመረው ያለምክንያት አይደለም። የሚፈልገው ኢትዮጵያም ፊንላንድም የዘመቱ ሰዎችን ዕቃ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ።

ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የዚያው የባላባቱ ልጅ ነው። በ1935 እና 36 በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አውሮፕላን አበረረ። በክረምት ጦርነት ደግሞ አንድ የመንገደኛ ዲሲ-2 አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይ ተለውጦ ለፊንላንድ ተዋጋበት። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ለዓመታት መርቷል። የሞተውም እኛ አገር ነው፤ በሐምሌ 1977፣ በኦጋዴኑ ጦርነት ጊዜ፣ ጎዴ ላይ።

ሁለተኛው ቪኪንግ ታም ነው። ከ1934 ጀምሮ የሆለታ ገነትን የጦር ትምህርት ቤት ከሌሎች አራት የስዊድን መኮንኖች ጋር አቋቁሞ መርቷል። በ1940 በፊንላንድ ከስዊድን በጎ ፈቃደኞች አዛዦች አንዱ ሆነ። ሐኪሞችም አሉ። ፕሮፌሰር ሪካርድ ፋልቲን የፊንላንድ ቀይ መስቀልን የሕክምና ቡድን ይዞ ወደ ሐረር በኩል መጥቷል። የዚያን ጊዜ የፊንላንድ ቀይ መስቀል ሊቀመንበር ማነርሃይም ራሱ ነበር። የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድንም በታኅሣሥ 30 ቀን 1935 መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቧል።

አንድ ጨረታ ቤት «በ1935 በኢትዮጵያ፣ በ1940 በፊንላንድ» ብሎ ሲጽፍ የሚጠራው ይህን ታሪክ ነው። ዋጋውንም የሚሰቅለው ይኸው ዐረፍተ ነገር ነው።

ችግሩ

የፊንላንድ የነጻነት መስቀል ላይ የተሸላሚው ስም አይቀረጽም። የእንግሊዝ ሜዳይ የሰበሰበ ሰው ጠርዙን አዙሮ ስም ማንበብ ይለምድበታል። እዚህ ግን ያ የለም። ብረቱ ብቻውን ስለ ሰው አይናገርም። ሰውን ከመስቀሉ ጋር የሚያያይዘው ወረቀት ነው።

በዚህ ሎት ውስጥ ወረቀት ያለው አንዱ ዕቃ ብቻ ነው፤ መስቀሉ። ሜዳዩም ኮከቡም ወረቀት የላቸውም። ከመስቀሉ ሰው ጋር የሚያገናኛቸው ፍሬሙ ነው። ፍሬም ደግሞ ማንም ይሠራዋል፤ መቼም ይሠራዋል።

የጨረታው ቀን ቀርቧል። ጨረታ ቤቱ ሻጩን አልናገርም አለ። ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ አልተገረምንም። ጥያቄው ሁለት ሆነ። እነዚህ ዕቃዎች የአንድ ሰው ናቸው ወይ? ሰውየውስ በ1935 እውነት ኢትዮጵያ ነበር ወይ?

የተወሰዱት እርምጃዎች

ፎቶ ማስላክ። መጀመሪያ የተጠየቀው የዕቃዎቹ ጀርባ ፎቶ ነው። ካታሎግ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ያነሳል። ማህተም ያለው ግን ጀርባ ላይ፣ ቀለበቱ ላይና ጠርዙ ላይ ነው። ጨረታ ቤቱ ዕቃዎቹን ከፍሬሙ አውጥቶ በጥሩ ብርሃን አንስቶ ላከ። በትህትና ከተጠየቁና ጊዜ ካላቸው አብዛኞቹ እንዲህ ያደርጋሉ። የጨረታው ዋዜማ ላይ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም።

ማህተሙን ማንበብ። መስቀሉ ብር ስለሆነ የፊንላንድ የብር ማህተም አለበት። ዘውድ አለ፤ ይህ የአገር ውስጥ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ጀልባ አለ፤ የሄልሲንኪ ምልክት ነው። የብሩን ጥራት የሚናገር ቁጥር አለ። ቀጥሎ የዓመት ፊደል ይመጣል። ፊንላንዶች ጄ እና ደብልዩ የተባሉትን ፊደሎች ትተው በቀሩት 24 ፊደላት ዓመት ይቆጥራሉ። ፊደላቱ ሲያልቁ ከጎናቸው ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምርና ከኤ ይጀመራል። ኤ6 ማለት 1930 ነው። ኤ7 ደግሞ 1954።

በዚህ መስቀል ላይ ያለው ኤን6 ነው። ጣት እየቆጠሩ ከኤ ተነስተው ኤን ላይ ሲደርሱ 1942 ይመጣል። ፊቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን 1939 ነው። የክረምት ጦርነት በመጋቢት 13 ቀን 1940 አልቋል። በ1942 ይሰጥ የነበረው መስቀል 1941 የሚል ዓመት የያዘ ነው። እንግዲህ ይህ መስቀል በ1940 ለመኮንኑ የተሰጠው መስቀል አይደለም። በኋላ ምትክ ሆኖ የተሠራ ነው። ኒሻን ይጠፋል፣ ይሰበራል። ባለቤቱ ገዝቶ ይተካዋል። ስለዚህ ማህተሙ የውሸት ማስረጃ አይደለም። ዋጋ ግን ይቀንሳል፤ በግንባር የተሰጠ መስቀልና በኋላ የተተካ መስቀል እኩል አይሸጡም።

ባሩን ከካርታ ጋር ማስተያየት። የክረምት ጦርነት ሜዳይ ሪባን ላይ ወታደሩ የተዋጋበትን ቦታ ስም የያዘ ትንሽ ባር ይሰካል። በዚህኛው ላይ «ሱማ» ተጽፏል። ሱማ በካሬሊያ ጠባብ ምድር ላይ፣ ከሌኒንግራድ ብዙም ሳይርቅ ያለ ቦታ ነው። ቀይ ጦር በየካቲት 1940 የፊንላንድን መስመር ሰብሮ የገባው እዚያ ነው። የስዊድን በጎ ፈቃደኞች ኃይል ግን ሌላ ጫፍ ላይ ነበር። በጄኔራል ኤርንስት ሊንደር የሚመራው ከ8,000 በላይ ሰው ያለው ኃይል በየካቲት መጨረሻ የተረከበው በሰሜን፣ በላፕላንድ፣ የሳላን ግንባር ነው። ከሱማ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ስዊድናውያን ቀደም ብለው በፊንላንድ ክፍሎች ውስጥ ገብተው ተዋግተዋል። ስለዚህ ባሩን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም ነበር። ሰውየው በየትኛው ኃይል እንደነበረ መታወቅ ነበረበት።

ሪባኑን በአልትራ ቫዮሌት መብራት ማየት። ሰብሳቢው ዕቃውን ለማየት ጨረታ ቤቱ ድረስ ሄዶ ትንሽ መብራት ይዞ ገባ። ዘመናዊ ጨርቅና ክር ውስጥ የሚጨመር የማንጫ ኬሚካል በዚህ መብራት ሥር ቦግ ብሎ ሰማያዊ ያበራል። የጦርነቱ ዘመን ሪባን ግን ጭል ብሎ ይቀራል። የሜዳዩ ሪባን አበራ። የመስቀሉና የኮከቡ አላበሩም። ባሩ የተሰካው አዲሱ ሪባን ላይ ነው። ሜዳዩን አንድ ነጋዴ ወይም ፍሬም ሠሪ ከሌላ ቦታ አምጥቶ እንደሞላው ያኔ ጠረጠርን።

የምስክር ወረቀቱን መመርመር። ወረቀቱ በፊንላንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ስም የተሰጠ ነው። ስም፣ ማዕረግና ደረጃ አለው። ማዕረጉ ለ4ኛ ደረጃ መስቀል የሚገባ ነው። እጥፋቱ አሮጌ ነው፤ በእጥፋቱ ላይ ያለው ቀለምም ከወረቀቱ ጋር አብሮ ተሰንጥቋል። አዲስ ጽሑፍ በአሮጌ እጥፋት ላይ ቢጻፍ ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ይህን በአጉሊ መነጽር ማየት ማንም ይችላል፤ ሙያ አይጠይቅም።

መዝገብ ቤት መጻፍ። የስዊድን በጎ ፈቃደኞች መዝገብ ስቶክሆልም ባለው የጦር ቤተ መዛግብት ይገኛል። ሰብሳቢው የወረቀቱን ስምና ማዕረግ ጠቅሶ ጻፈ። መልሱ የመጣው ከጨረታው በኋላ ነው። ስለዚህ ለውሳኔው አልደረሰም።

የሆለታን መኮንኖች ዝርዝር ማየት ግን ቀላል ነበር። አምስት ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውም የታወቀ ነው። የኛ ሰው ከእነሱ አንዱ አይደለም። በስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን አባላት ውስጥም አልተገኘም። ስለ 1935 የተባለው ነገር መሬት እየለቀቀ መጣ።

ፎቶውና ጋሼ

ጉዳዩን የፈታው ከፖስታው የወጣ አንድ ፎቶ ነው። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ፊት ለፊት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱ ፈረንጆች ናቸው፤ አንዱ ሐበሻ ነው፣ ቱታ ለብሷል። ከበስተኋላ ሜዳና ዝቅ ያለ ኮረብታ ይታያል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ኢትዮጵያ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ዓመት የለውም። ካታሎጉ ይህን ፎቶ ለ1935 ማስረጃ አድርጎ አቅርቦታል።

ሰብሳቢው ፎቶውን በቴሌግራም አዲስ አበባ ላሉ አንድ ጡረተኛ የአየር ኃይል መካኒክ ላከላቸው። ከዚያም ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቺን አውሮፕላን ያውቋታል?»

«ሳብ 17 ናት እንጂ! እግሯን አታይም እንዴ ልጄ? ይሄን የጎማ ሽፋኗን እኮ በእጄ ስንት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ሳብ 17 ከክንፏ ሥር ትልልቅ የእግር ሽፋን አላት። እግሯ ወደ ኋላ ታጥፎ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቁልቁል ስትወረወር ደግሞ እግሯን አውርዳ እንደ ፍሬን ትጠቀምበታለች። በፎቶው ላይ ሽፋኑ ወለል ብሎ ይታያል። ጋሼ ኮረብታውንም አዩና «ቢሾፍቱ ናት» አሉ። ስለ ኮረብታው እርግጠኛ መሆን አይቻል ይሆናል። ስለ አውሮፕላኗ ግን ክርክር የለም።

ሳብ 17 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1940 ነው። ኢትዮጵያ የገባችው ከ1947 ጀምሮ ነው፤ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ሲያደራጅ። ስለዚህ ፎቶው የ1935 ሊሆን አይችልም። ሰውየው ኢትዮጵያ ነበር። ነገር ግን የነበረው ከፊንላንድ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

የቤተሰቡ ቃል እንዴት እንደተጣመመ እዚህ ላይ ይታያል። «አያታችን ኢትዮጵያም ፊንላንድም ነበር» የሚለው እውነት ነው። የትኛው እንደሚቀድም ግን ልጅ ልጆቹ አያውቁም። መሀል ላይ አንድ ሰው ዓመት ጨመረበት። 1935 ይበልጥ ይሸጣል፤ ከጣሊያን ጋር የነበረው ጦርነት ነውና። ማን እንደጨመረው አልታወቀም፤ ክፉ ሐሳብ ነበረው ማለትም አይቻልም።

እኔ በበኩሌ እውነተኛው ታሪክ ከተባለው አያንስም ባይ ነኝ። ከላፕላንድ በረዶ ወጥቶ ቢሾፍቱ ላይ የኛን ልጆች ካሠለጠኑ ሰዎች ጋር መሥራት ትልቅ ሕይወት ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ደግሞ ይህኛው ይቀርበዋል። ጋሼን የመሰሉ መካኒኮች የተማሩት ከእነዚያ ሰዎች ነው።

ዋጋው እንዴት ተወሰነ

ሰብሳቢው ሎቱን ፈታትቶ ለየብቻ ገመተው። የምስክር ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ሙሉ ዋጋ ተሰጠው። መስቀሉ በ1942 የተሠራ ምትክ ነው፤ በምትክ ዋጋ ተያዘ። ሜዳዩ ተራ ሜዳይ ተብሎ ተቆጠረ። ባሩ ዜሮ። ኮከቡ የሠሪ ማህተም የለውም፤ አሮጌ ሪባኑና የቢሾፍቱ ፎቶ ስላሉ የሰውየው ሊሆን ይችላል ተብሎ በግማሽ ተገመተ። ፎቶዎቹ ትንሽ ዋጋ አገኙ። ያልተረጋገጠው ታሪክ ምንም አላገኘም።

ከድምሩ ላይ የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ተቀነሰ። ይህን ጀማሪዎች ይረሱታል። መዶሻው 1,000 ክሮነር ላይ ቢወድቅና ኮሚሽኑ 25 ከመቶ ቢሆን የሚከፈለው 1,250 ነው፤ መላኪያው ሳይቆጠር። ስለዚህ ጣሪያው ሲወሰን ኮሚሽኑ አስቀድሞ መውጣት አለበት። ሰብሳቢው ጣሪያውን ወረቀት ላይ ጽፎ ለሚስቱ ሰጣት። በኢንተርኔት ሲጫረቱ እጅ ይፈጥናል፤ ወረቀቱ የሌላ ሰው እጅ ላይ መሆኑ ይይዛል።

በዕለቱ ሌላ ተጫራች እስከ ጣሪያው አቅራቢያ ገፋና ቆመ። ሎቱ ለሰብሳቢው ቀረ። ዋጋው ጣሪያውን ቢያልፍ ይተወው ነበር፤ ይህን ቀድሞ ወስኗል።

ከሳምንታት በኋላ የቤተ መዛግብቱ መልስ መጣ። ሰውየው በበጎ ፈቃደኞቹ ኃይል መዝገብ ላይ አለ። ማዕረጉ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይገጥማል። ኃይሉ ደግሞ ሳላ እንጂ ሱማ አልነበረም። የባሩ ነገር በዚህ ተዘጋ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉም የረዳው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ዓመት መፈለግ ነው፤ ዕቃው የሚለው ዓመትና የተሠራበት ዓመት። መስቀሉ ላይ 1939 እና 1942 ተገኙ። ፎቶው ላይ ካታሎጉ ያለው 1935 እና አውሮፕላኗ የምትናገረው ከ1947 ወዲህ ያለው ዘመን ተገኙ። ሁለቱ ዓመታት ሲጋጩ እዚያ ላይ መቆም ነው።

የሰው ዕውቀትም ሠርቷል። ሦስት የአውሮፕላን መጽሐፍ ከማገላበጥ ለጋሼ አንድ ስልክ መደወል ይበልጣል። የአየር ኃይላችን፣ የክብር ዘበኛና የሆለታ አዛውንቶች ብዙዎቹ አልፈዋል። ያሉት እያሉ መጠየቅ አለባቸው፤ ይህን አጥብቄ እለምናለሁ።

ያልሠራው ደግሞ አለ። በሻጩ በኩል ቤተሰቡን ለማግኘት የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። ሰብሳቢው ከግዢው በኋላ በጨረታ ቤቱ አማካይነት ደብዳቤ ላከ፤ ምላሽ የለም። ካታሎጉ ላይ ያለው 1935 እንዲታረምም ጠየቀ። እስካሁን አልታረመም። ይህ ያሳስበኛል። የድሮ ካታሎግ ለቀጣዩ ነጋዴ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ስህተቱም በሁለተኛው ሽያጭ «ቀደም ሲል እንደተገለጸው» ተብሎ ይደገማል።

መዝገብ ቤቱም ለጨረታው ቀን አልደረሰም። ይህ ጥፋት አይደለም፤ አሠራራቸው ጊዜ ይወስዳል። ካታሎግ በወጣ ዕለት ቢጻፍ ግን የተሻለ ዕድል ይኖር ነበር።

የሱማውን ባር ምን ይደረግ በሚለው ላይ ተከራክረናል። አንድ ጓደኛው ይነቀል አለ። እኔ አይነቀል አልኩ። ፍሬሙ እንዴት እንደተገዛ ራሱ ታሪክ ነው። ባሩ ባለበት ቀርቷል። ከፍሬሙ ጀርባ ግን አሁን አዲስ ፖስታ አለ፤ የማህተሙ ፎቶ፣ የቤተ መዛግብቱ መልስ፣ ጋሼ ያሉት ቃል ከነቀኑ፣ ባሩ የሰውየው እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወሻም ገብቶበታል። ዕቃው ነገ ለልጆቹ ቢተርፍ ወይም ቢሸጥ ወረቀቱ አብሮት ይሄዳል።

ለሌላ ሰብሳቢ የሚሆኑ ነጥቦች

የፊንላንድ ኒሻን ስትገዙ መጀመሪያ ወረቀቱን ግዙ። ስም በማይቀረጽበት አገር ወረቀት የሌለው መስቀል የማንም ነው። ወረቀት አልባ መስቀል መግዛት ነውር የለውም፤ የአንድ ሰው ታሪክ ተብሎ ዋጋ ሲጨመርበት ግን እምቢ በሉ።

የቦታ ስም ያለበት ባር ካያችሁ ካርታ ዘርጉ። የሰውየው ክፍል እዚያ ነበር ወይ? ባር ትንሽ ናት፤ ለመጨመርም ቀላል ናት። የክረምት ጦርነት ሜዳይ በብዛት የተሰጠ ስለሆነ ዋጋውን የምትለውጠው ብዙ ጊዜ ባሯ ናት።

በጥቁር ሪባን የተሰጠ መስቀል በቀይ ሪባን ሲሸጥ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። መስቀሉ አልተነካም፤ ሪባኑ ተቀይሯል። የሐዘን ቤት ንብረት የጀግና ንብረት ተብሎ ማለት ነው። አሮጌውን ሪባን ሻጩ ጥሎት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከቀለበቱ ውስጥ የቀረ ጥቁር ክር ካለ በአጉሊ መነጽር ይታያል።

ስዋስቲካ ያለባቸውን መስቀሎች በኢንተርኔት ገበያ ስትሸጡ ወይም ስትገዙ ማስታወቂያው ሊነሳ ይችላል። ሰብሳቢው ከዚህ ቀደም ደርሶበታል። ገበያዎቹ ምልክቱን እንጂ ታሪኩን አያዩም። ጀርመን ያሉ ጨረታ ቤቶች ደግሞ በካታሎግ ፎቶ ላይ ስዋስቲካ ይሸፍናሉ። ያልተሸፈነ ፎቶ በግል ሳታገኙ አትጫረቱ፤ ሸፋኙ ወረቀት ከምልክቱ ጋር ስንጥቁንም ይሸፍነዋል።

ዕቃው ፊንላንድ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከመጫረታችሁ በፊት የአገሪቱን የቅርስ ባለሥልጣን፣ ሙሴዮቪራስቶን፣ ጠይቁ። ቆየት ያሉ የባህል ዕቃዎችን ከአገር ለማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አላቸው። ጨረታ ቤቱ መሸጥ መቻሉ እናንተ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ፈቃዱ ካስፈለገ ማን እንደሚያወጣውና እስኪወጣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይያዝ።